የቀጋ አበባ ብርዝ በእናቴ ቅል

ከዚህ በታች የማሰፍረው ባለፈው የጽጌ ወራት በጥቂት ቀናት ውስጥ በቢቸናና በሞጣ የሆነውን ነው። ምንጮቼ አራት ናቸው። አንደኛው የራሴ ትውስታ ሲሆን ከሁሉም ደካማው እርሱ ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ጠዋት መነጽሬን የት እንዳኖርኩ ማታ የምትነግረኝ ባለቤቴ ናት። ሁለተኛው እናታችን ባረፈች በዓመቱ ገደማ የአበባ ብርዟን አዘገጃጀት የጻፍኩበት ደብተር ነው። ጽሑፍ ስለሆነ ብቻ የበለጠ ሊታመን አይገባም፤ እሱም ሲጻፍ አንድ ጊዜ ከነገረችኝ በትውስታ ተጻፈ እንጂ እናቴ አጠገቤ ቆማ «እንዲህ አይደለም» እያለች አላረመችኝም። ሦስተኛው በአራት ዓመት የምትበልጠኝና ሞጣ የምትኖረው እኅቴ ቃል ነው። አራተኛው የባለቤቴ ቃል ነው፤ እኔ በሌለሁበት ቤቴ ውስጥ የሆነውን የማውቀው በእርሷ በኩል ብቻ ነው።

በሥራ ዘመኔ ታሪክ አስተምር ነበር። ለተማሪዎቼ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ወሬ እንደሆነ እየነገርኩ ብዙ ዓመት ኖሬ፣ አሁን በቤተሰቤ ጉዳይ በአንድ ምስክር ላይ ቆሜ እጽፋለሁ። ንግግሮችን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ማኖሬም ቃል በቃል እንዲህ ተባሉ ማለቴ አይደለም። የእኅቴን ንግግር ግን በዚያው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ስለጻፍኩት ወደ እውነቱ ይጠጋል ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ መኪናው ሲንጥ የተጻፈውን ግማሹን ዛሬ ማንበብ ባልችልም።

እኔ ጠላም ጠጅም ቀምሼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እናቴ የማርያም ስእለት አለብህ፣ የሚያሰክር ነገር ከአፍህ እንዳይደርስ ብላኝ ነበር፤ ስእለቱ የምን እንደሆነ ጠይቄያት እንደሆነ አላስታውስም። ከተማ ተምሬ፣ ባሕር ማዶ ተምሬ፣ የሠርጌ ዕለት እንኳ በብርዝ ነው የተመረቅሁት። ስለዚህ ጡረታ ወጥቼ ወደ ቢቸና ስመለስ በዚህ ዕድሜዬ ላደርገው የተመኘሁት ነገር ቢኖር እናቴ ለእኔ ብቻ ትሠራልኝ የነበረውን የቀጋ አበባ ብርዝ በእጄ ማዘጋጀት ነበር። ለሌሎቹ ልጆቿ ሠርታ አታውቅም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ገደማ፣ ቅኔ ቤት ልገባ በተዘጋጀሁበት መስከረም ወይም ጥቅምት፣ ማለዳ ማለዳ በባዶ ሆዴ እንዳጠጣችኝ አስታውሳለሁ። ጣዕሙን አስታውሳለሁ ማለት ግን ድፍረት ነው፤ የማስታውሰው ጥሩ እንደነበር ብቻ ነው።

ቀጋ በእኛ አገር እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን እረኛ ይበላዋል፤ ግንዱ ለአጥር ይሆናል፤ አበባውን ግን ከንብ በቀር የሚፈልገው የለም። አምስት ነጭ ቅጠል ያለው፣ መካከሉ ቢጫ፣ ሽታው ለስላሳ አበባ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሸለቆው አፋፍ ላይ እንዳበበ አይቼ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ሦስት ጠዋት እየተነሣሁ ለቀምኩ። ባለቤቴ እጄ ተቧጭሮ ስገባ ስታየኝ ሳቀችብኝ።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ፍየል ያረባል፤ እርስዎ እንደ ፍየል ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይዞራሉ።»

«የእናቴን ብርዝ ልሠራ ነው።»

«እማማ ይህንን ሲሠሩ አይቼ አላውቅም እኮ። እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ!»

ይህ ንግግሯ ያን ጊዜ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር። አላሳሰበኝም።

በደብተሩ እንደተጻፈው ነጩን ቅጠል ብቻ ነቅዬ አረንጓዴ መሠረቱን ጣልኩ፤ መራራ ነውና። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አፈሰስኩበትና አንድ ሌሊት አሳደርኩት። ጠዋት ውኃው ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት፤ በንጹሕ ነጠላ አጥልዬ ነጭ ማር በጠበጥኩበት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ያለው ሦስት ቃል ነው፤ «በቅሉ ይደር፣ ይቀዝቅዝ።» የትኛው ቅል እንደሆነ አልተጠቀሰም። እኔ ግን መጠራጠር አላስፈለገኝም። እናቴ ከጣራው ሥር፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ወጋግራ ላይ የምትሰቅላት፣ አንገቷ ጠባብ፣ ሆዷ በጠፍር የተለበጠች አንዲት ትንሽ ቅል ነበረቻት። ብርዜን የምትቀዳልኝ ከእርሷ ነበር። ስታርፍ ከንብረቷ ሁሉ መርጬ የወሰድኩት እርሷን ነው፤ ለብዙ ዓመት ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ በላይ ተሰቅላ ኖራለች።

ባለቤቴ በግራዋ ቅጠል ልትፈትጋት ፈለገች። አገራችን ውስጥ በግራዋ ሳይታሽና በወይራ ሳይታጠን መጠጥ የሚገባበት ዕቃ የለም። እኔ እንቢ አልኩ። የግራዋው ምሬት የአበባውን ሽታ ያጠፋዋል፣ ጠፍሩም ይበሰብሳል ብዬ ተከራከርኩና በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ብቻ አለቀለቅኋት። ሲደፋ ከውኃው ጋር ሦስት አራት ጥቋቁር ቅንጣቶች ወጡ፤ የደረቀ የማር ሰፈፍ መሰሉኝ። ወይም አሁን እንዲህ ይመስለኛል።

ብርዙን በማግስቱ ቀመስኩት። በማንኪያ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ጥሩ ነበር። ከእርሱ አንድ የውኃ ጠርሙስ ለእኅቴ ሞልቼ፣ የቀረውን በቅሉ እንዳለ ለባለቤቴ ተውኩላት። የሚቀጥለው ቀን የሴቶቹ የጽዋ ማኅበር በእኛ ቤት የሚውልበት ተራ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ወንድ በቤቱ ውስጥ ትርፍ ዕቃ ነውና ሞጣ ሄጄ ልደር ወሰንኩ።

«ለንስሐ አባታችን ከቅሉ ቅጂላቸው፤ ሐኪም ጠላ ከልክሏቸዋል» አልኳት በማኅበሩ ዕለት ማለዳ ስወጣ። ይህንን ማለቴን እርግጠኛ ነኝ። ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሞጣ ስደርስ እኅቴ በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደክሟል፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«መጣህ? እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ተዝካርህን ልደግስ ነበር።»

«እትዬ፣ አንቺ ሳትቀድሚ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ሂድ ወዲያ! ምን ይዘህልኝ መጣህ?»

«የእማማን የቀጋ ብርዝ። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተ? ዕንቁላል ሲቀቀል ዕንቁላሉን የምታሳርር?» እየሳቀች በጣሳ ቀዳችና አንድ ጉንጭ ጠጣች። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። «ቀጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አልሳትከውም። ማሩ ግን በዝቶበታል። በምን አሳደርከው? በእንስራ?»

«በራሷ ቅል።»

«በየትኛው ቅል?»

«በጠፍር በተለበጠችው። ከወጋግራው ላይ ትሰቅላት በነበረችው።»

እኅቴ ጣሳውን አላስቀመጠችውም፤ ወረወረችው። ብርዙ ምስሩ ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ምላሷን ጠረገች።

«ያቺን ቅል አላቃጠልካትም? እኔ የሞተች መስሎኝ!» ስለ ዕቃ «የሞተች» ማለቷ እስካሁን በጆሮዬ አለ። «አንተ ልጅ፣ እሷ እኮ የአብሾ ቅል ናት!»

አብሾ በቅኔ ቤት ትምህርት ይገልጣል፣ የተሰማ ሁሉ እንዳይረሳ ያደርጋል እየተባለ ከአስተናግር የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። አስተናግር በየጉድፉ የሚበቅል መርዛማ ቅጠል እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ የለም። በአብሾ ሊቅ ሆነ የሚባል ሰው ይወራል፤ በአብሾ አብዶ የቀረው ግን ይታያል። እኔ ይህንን ሁሉ ከሰዎች ቃል ሰብስቤ ለተማሪዎቼ እንደ ሩቅ ነገር ሳስተምረው ኖሬአለሁ።

«እማማ ብርዜን የምትቀዳልኝ ከእርሷ አልነበረም እንዴ?» አልኩ።

«ነበር።»

ያን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ራሴ እንደሆንኩ በእፍረት እጽፋለሁ። እኔ አብሾ ጠጥቻለሁ ማለት ነው? የተማርኩት፣ የጻፍኩት፣ የተሸለምኩበት ሁሉ የዚያች ቅል ሥራ ነው? ይህ በውስጤ ሲዞር ምናልባት ግማሽ ደቂቃ አልፏል። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቴ የታየችኝ፤ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለእንግዳ ስትቀዳ።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ማኅበሩ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ግድም ይገባል። ስልኬን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ጋ ደወልኩ። በሦስተኛው የባለቤቴ ቁጥር ሆነ፤ መስመር ላይ የለችም የሚለው ድምፅ መለሰልኝ። የጎረቤታችንንም ሞከርኩ፤ ያው ድምፅ። ቢቸና በዚያ ጠዋት ኔትወርክ አልነበራትም።

«እመለሳለሁ» አልኩ።

«እኔም መናኸሪያ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች እኅቴ። ምርኩዟን አነሣች።

ባጃጅ ብንይዝ ይሻል ነበር፤ ያን ያህል እንኳ አላሰብንም። በእግር ሄድን፤ እኔ እቸኩላለሁ፣ እርሷ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። የነገረችኝን በመንገድ ጀመረችና ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ጨረሰችው።

«ታላቅ ወንድማችን በንዳድ አልሞተም» አለች።

ከሁለታችን በላይ አንድ ወንድም ነበረን። እኔ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ሩቅ ቅኔ ቤት ሳለ በንዳድ አረፈ ተብሎ ነው ያደግሁት።

«አባባ ነው አብሾ ያጠጣው። እዚሁ ቤት። በዚያች ቅል። ጠዋት ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የሌለ ጽሑፍ ያነብ ጀመር። ሳምንት ሙሉ እንዲያ ሆነ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ በዓባይ በኩል ቁልቁል ወረደ፤ በቃ። ልብሱን እንኳ አላገኙለትም።»

«ለምን ንዳድ ተባለ?»

«ታዲያ ምን ይበሉ? የቤተ ክርስቲያን መምህር ልጁን አሳበደው ይበሉ?»

ቆምኩ። እርሷ ግን አልቆመችም፤ ክንዴን ጎተተችኝ።

«አንተ ደግሞ ለቅኔ ቤት ስትደርስ አባባ ቅሉን ሞልቶ ለእማማ ሰጣት። ሦስት ጠዋት አጠጪው አላት። እሷ እሺ አለች። እሱ ማኅሌት ሲሄድ ግን ከቤቱ ጀርባ ወስዳ ደፋችው፤ እኔን ቀስቅሳ ቀጋ ለቀማ ወሰደችኝ። ቅርንጫፉን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ እሾሁ ይኸው እዚህ ጋ ተሰብሮብኝ ቀርቷል። አበባውን በማር በረዘችና በዚያው ቅል ሞላችው፤ አባባ ዕቃውን ያውቃላ! እፊቱ ቀድታ አጠጣችህ።»

«ብርዙ አብሾ አልነበረም ማለት ነው?»

«አበባ ነበር። ለሽንገላ የተሠራ ነው እንጂ የምን የእማማ ብርዝ! ቤታችን ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሠርቶ አያውቅም።»

«አባባ አልጠረጠረም?»

«በትምህርት አንደኛ ወጣህለት፤ ምን ብሎ ይጠርጥር? ደግሞስ ጠላ አትቅመስ የተባልከው ለምን ይመስልሃል?»

«ስእለት አለብኝ።»

እኅቴ በዚያ የጭንቅ ሰዓት ሳቀች። «የምን ስእለት! አብሾ የጠጣ ሰው ጠላ ሲነካ ያብዳል ይባል የለ? ጠላ ጠጥተህ በሰላም ብትገባ አባባ እንደተታለለ ያውቅ ነበራ!»

«አባባ ካረፈ በኋላስ ለምን አልነገረችኝም?»

«ጨዋ ሆነህ ቀረህላት! የትኛዋ እናት ናት ልጄ ተነሥቶ ጠላ ይጠጣ የምትል?»

«አንቺስ እትዬ? ይህንን ሁሉ ዓመት?»

«እኔማ የምታውቅ መስሎኝ» አለች። «እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ይህን ያጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

በዚያች ቅጽበት ልቤ ትንሽ አረፈ። እናቴ ደፍታዋለች፤ አበባ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ ቅሏ ምን ጉዳት አላት? ይህንኑ ተናገርኩ። እኅቴ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ አዲስ አበባ ከሄድክ በኋላ እኮ አባባ ለተማሪዎቹ ያዘጋጅባት ነበር። እስኪያርፍ ድረስ። እማማ የሰቀለቻት ሰው እንዳይነካት ነው። ታጥባት አታጥባት እኔ አላየሁም።»

ሚኒባሱ ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። ረዳቱን ለመንኩት፤ «አባቴ፣ ይሞላልዎታል» አለኝ። እኅቴ ምርኩዟን አንሥታ የመኪናውን በር ደበደበች፤ «ሰው ሊሞት ነው፣ አንተ!» ስትል ሹፌሩ ዞሮ አያትና ሞተሩን አስነሣ።

ከሞጣ እስከ ግንደ ወይን የነገረችኝን እጽፍ ነበር። ከግንደ ወይን እስከ ደብረ ወርቅ ስልኬን እሞክር ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እነዚያን ጥቋቁር ቅንጣቶች ማሰብ ነው። የአስተናግር ፍሬ ጥቁርና ትንሽ ነው። በጠዋት ሳለቀልቅ ያየሁት ሰፈፍ ነበር ወይስ ፍሬ? ባሰብኩት ቁጥር ቅንጣቶቹ በዓይነ ኅሊናዬ ይበዛሉ፤ መጀመሪያ ሦስት አራት የነበሩት ደብረ ወርቅ ላይ ዐሥር ሆኑ። እንዲህ ያለ ትውስታ በማንም ሥራ ላይ ባገኘው በቀይ እሰርዘው ነበር። ፍርሃት የሚጨምረውን ነገር ከታየው ነገር መለየት አቃተኝ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ምንም አልሆንኩም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ወዲያው ግን እንግዶቹ በማንኪያ አይጠጡም አልኩ።

ቤቴ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ሦስት ሴቶች ከባለቤቴ ጋር ሳህን ያነሣሉ። ንስሐ አባታችን ከግድግዳው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ጥምጥማቸው ወደ ጎን ዘምሟል።

«ምነው? ነገ ይመጣሉ ብዬ…» አለች ባለቤቴ።

«ከቅሉ ማን ጠጣ?»

«ሰላምታ የለም እንዴ?»

«ከቅሉ ማን ጠጣ!»

ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩበትን ሌላ ቀን ባለቤቴ አታስታውስም፤ እኔም አላስታውስም።

«ሴቶቹማ አበባ የንብ ነው ብለው በጠላዬ ጸኑ» አለች ቀስ ብላ። «አባ ብቻ ናቸው። ሁለት ብርሌ። ሦስተኛውን እምቢ ብለው ውኃ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ አራተኛ ውኃቸው ነው። ምን ሆነ?»

አብሾ አፍ የሚያደርቅና የዓይን ብሌን የሚያሰፋ መሆኑን አውቃለሁ። እጄን ትከሻቸው ላይ አድርጌ ጠራኋቸው፤ አልመለሱም። ሁለተኛ ጠራኋቸው። በሦስተኛው ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩኝ ጥቁሩ የዓይናቸው ክፍል እንደ ጉድጓድ ሰፍቶ አየሁት። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በእናቴ እጅ እኔ ዳንኩ፣ በእኔ እጅ ይህ ሰው ጠፋ፤ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ በእርግጥ በእነዚህ ቃላት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድናቸው። የተረኛዋ ጤና መኮንን ወጣት ሴት ናት። የልብ ምታቸውን ቆጠረች፤ በባትሪ ዓይናቸውን አየች፤ ደግማ አየች።

«አባ፣ ዛሬ ምን ጠጡ?»

«የአበባ ብርዝ፤ ከምሁሩ ቤት።»

ወደ እኔ ዞረች። ስለ ቅሉ ነገርኳት። አብሾ የሚለውን ቃል ስሰማ ራሴም ደነገጥኩ፤ ከአፌ የወጣው እንደ ኑዛዜ ነው። እርሷም እጇ ባትሪው ላይ ቀረ።

«አብሾ? ዛሬም?»

«ዛሬ አይደለም፤ የድሮ ነው።»

«መርዝ ድሮ የለውም፣ ጋሼ» አለችኝ። ልጅ ናት፤ ትክክል ናት።

አልጋ ላይ አስተኝታ ትጠብቃቸው ጀመር። በየጥቂቱ ትጠይቃቸዋለች፤ እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ እያንዳንዱን መልስ እንደ ፍርድ እሰማለሁ።

«ፊደል ይተራመስብዎታል፣ አባ?»

«አዎን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምና ጀምሮ።»

«አፍዎ ደርቋል?»

«ሌሊቱን ሙሉ ስዘምር ያደርኩ ሰው አፌ ይርጠብ?»

«የሌለ ነገር ይታይዎታል?»

አባ ወደ እኔ አዩ። «ይህ ሰውዬ ሲያለቅስ ይታየኛል» አሉ። «ይህ ግን ያለ ነገር ይመስለኛል።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የልብ ምታቸው እንዳለ ነው፤ ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው፤ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ተራመዱ። ጤና መኮንኗ ሂዱ አለች፤ ነገ ጠዋት ግን እንድናመጣቸው አዘዘች። አመጣናቸው፤ ዳኑ። ወይም ታመው አያውቁም።

ያን ምሽት ቤታቸው አድርሼያቸው ከመመለሴ በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወንድሜን፣ የአባቴን፣ የእናቴን። ሰሙኝና ለወንድሜ ፍትሐት እንዲደረግለት አደርጋለሁ አሉ፤ በንዳድ ሳይሆን በእውነተኛው ሞቱ። ስለ እናቴ ግን ምን ልበላት፣ ባሏን አታለለች፣ እኔንም አታለለች ብዬ ብጠይቃቸው ጥያቄውን ለእኔው መለሱልኝ።

«አንተ ምን ትላታለህ?»

ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ እናቱን እንደ አዲስ ይተዋወቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። በልዩ ፍቅር የተሠራልኝ መጠጥ መስሎኝ የያዝኩት ነገር የአንዲት ሴት ድንጋጤ ነበር፤ አንድ ልጅ ቀብራ፣ እርሱንም ያለ አስከሬን፣ ሁለተኛውን ለማትረፍ በእሾህ ውስጥ ስትዳክር የሠራችው ነው። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ብርዙ ያነሰብኝ ነገር የለም። ሆኖም ከዚህ በላይ ብጽፍ ስለማላውቀው እጽፋለሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ብርዙን ከሽንት ቤት ጉድጓድ ደፍታዋለች። ቅሏንም አቃጥላታለች፤ የጠፍሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እኔ ቅሏን ለአንድ የዕፅዋት ዐዋቂ ላሳይ፣ ውስጧን ላስመረምር አስቤ ነበር። ይህንን ስነግራት «አንድ ሰው ሊገድል የነበረ ዕቃ ለምርመራ ብሎ ቤት ያሳድራል?» አለችኝ። የተሟገትኳት ጥቂት ነው። ማስረጃ በመጥፋቱ ያዘነው አእምሮዬ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዐረፈ። ሞጣም ደውዬ ለእኅቴ ነገርኳት፤ በዚያ ሰዓት መስመሩ ተመልሶ ነበር። እርሷም ከአንዲቷ ጉንጭ ምንም አልሆነችም። «እሰይ» አለች፣ «እማማም እንዲህ ማድረግ ነበረባት።»

እንግዲህ አባ በዚያ ቀን ከእኔ ብርዝ ተመርዘው ነበር ወይስ አልነበረም? በዚህ ላይ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጤና መኮንኗ የዓይናቸው ብሌን መስፋቱን በካርዱ ላይ ጽፋለች፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን በኋላ እንደሰማሁት አባ በዚያው ሳምንት የዓይን ምርመራ አድርገው ነበር፤ እንዲህ ባለ ምርመራ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል፤ ኃይሉም ምናልባት አንድ ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይቆያል። አባ ምርመራው በማኅበሩ ዋዜማ ነበር ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ብሌናቸውን ያሰፋው ጠብታው ነው፤ ቅሏ ንጹሕ ነበረች ማለት ነው። ባለቤቴ ግን ከዋዜማው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር፣ ራሴ ነኝ ባጃጅ የያዝኩላቸው ትላለች፤ እንዲህ ከሆነ የጠብታው ኃይል አልፎ ነበር፤ ብሌናቸውን ያሰፋችው ቅሏ ናት። ምርመራውን ወዳደረጉበት ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የዚያ ሳምንት መዝገብ የአባን ስም ይዟል፤ ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ቀለም ፈስሶበታል፤ ጸሐፊዋም አታስታውስም።